ጌቩርትስትራሚነር ከየትኛው ቺዝ ጋር ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ከአልሳስ የመጣ ጌቩርትስትራሚነር የሚባል ነጭ ወይን ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ። ከሙንስተር ቺዝ ጋር ግሩም ነው የሚል አነበብኩና እዚህ ሜሪላንድ ሰፈራችን ካለው ሱፐርማርኬት ሙንስተር ገዛሁ። ቺዙ ጣዕም የለውም። ወይኑ ደግሞ ሽቶ የጠጣሁ ያህል ሆነብኝ። በፌታና በብሉ ቺዝ ስሞክረው ጭራሽ መረረኝ። የወንድሜ ሚስት ‹ድሮስ ለቺዝ ቀይ ወይን ነው› አለችኝ። አንዱ ጠርሙስ አልተከፈተም፤ ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ። ምን ቺዝ ልግዛ? የኛ አይብስ ይሆናል?»

ምላሽ፦ የገዙት ቺዝ ያነበቡለት ቺዝ አይደለም። የአሜሪካው ሙንስተር ለሳንድዊች የሚቆራረጥ፣ ለስላሳ፣ ቶሎ የሚቀልጥ ቺዝ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ብርቱካናማ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ነው፤ አናቶ ከሚባል ዘር ወይም ከፓፕሪካ የሚገኝ። በርገር ላይ ጣል ቢያደርጉት ምንም አይወጣለትም። ከጌቩርትስትራሚነር ጋር ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ወይኑ ብቻውን ያወራል። ሽቶ የጠጡ የመሰለዎትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዋናው ሙንስተር የሚሠራው በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮች ግራና ቀኝ፣ ከላም ወተት ነው። ስሙ ከ1969 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከተራራው ማዶ በሎሬን በኩል ዤሮሜ ስለሚሉት ማሸጊያው ላይ ሙንስተር-ዤሮሜ የሚል ሊያገኙም ይችላሉ። ትልቁ ክብ ቢያንስ 21 ቀን ይበስላል። በእነዚህ ቀናት ቅርፊቱ ደጋግሞ በጨው ውሃ ይታሻል። እርጥበቱና ጨው የሚስማማው ባክቴሪያ ቅርፊቱ ላይ ይራባል። ብርቱካናማውን መልክና ያንን ጉደኛ ሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። የዚሁ ባክቴሪያ ዘመዶች የሰው እግር ላይም ይኖራሉ፤ ስለዚህ ቺዙን ከፍቶ «ካልሲ ይሸታል» የሚል እንግዳ ቢኖር አልተሳሳተም። ሽታው ይህን ያህል ይሁን እንጂ ውስጡ ለስላሳ፣ ቅባታም፣ መጠነኛ ጨው ያለው፣ ወደ ጣፋጭ የሚያደላ ነው። ሙንስተርን ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በአፍንጫቸው ፈርደው አፋቸውን ይከለክሉታል።

ሲገዙ ፊደሉን ይዩ። የአሜሪካኖቹ ስሙን ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ዩ» ቀጥሎ «ኢ» ይጨምራሉ፤ የፈረንሳዩ ላይ ያቺ «ኢ» የለችም። ክብ ነው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ወይም በትንሽ ሣጥን ይመጣል። ተቆራርጦ በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ይለፉት። አንድ ገደብ ደግሞ አለ። በአሜሪካ ሕግ ካልፈላ ወተት የተሠራ ቺዝ ለመሸጥ ቢያንስ 60 ቀን መብሰል አለበት። ሙንስተር ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የሚጣፍጠው። ስለዚህ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራው ነው። አልሳስ ውስጥ ኮልማር ከተማ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ሽታው ትንሽ ረገብ ያለ ነው። ለእርስዎ ሥራ ግን በቂ ነው።

አሁን ወደ ወይኑ። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ በሙያው እንደምንለው ጌቩርትስ ልበለው። ዘሩ ነጭ ወይን ይስጥ እንጂ የፍሬው ቆዳ ሮዝ ነው። ከሰሜን ጣሊያን ትራሚን ከተባለች መንደር ጋር ስሙ የተሳሰረ ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን በአልሳስ በኩል ነው። አልሳስ በቮዥ ተራሮችና በራይን ወንዝ መካከል ያለች ጠባብ የፈረንሳይ ክፍል ናት። ተራሮቹ ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያስቀሩት በስተግርጌ ያለችው ኮልማር በፈረንሳይ ዝናብ ከሚያንሳቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። ደረቅና ረጅም መኸር ማለት ፍሬው እስኪበቃው ይበስላል ማለት ነው። ፍሬው ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፤ ኮምጣጣነቱ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈልግዎት አራት ነገር ነው። ጌቩርትስ ኮምጣጣነቱ ዝቅተኛ ነው። አልኮሉ ከፍ ይላል፤ 13 እና 14 በመቶ የተለመደ ነው። መጨረሻው ላይ ከቆዳው የሚመጣ ትንሽ ምሬት አለው። መዓዛው ደግሞ ከሁሉም ነጭ ወይኖች ኃይለኛ ከሚባሉት ነው፤ ጽጌረዳና ላይቺ የሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ፍሬ። ይህ ምናባዊ አገላለጽ አይደለም። ላይቺን ላይቺ ከሚያሸቱት ውህዶች አንዱ፣ ሮዝ ኦክሳይድ የሚባለው፣ በጌቩርትስ ውስጥም በግልጽ ይገኛል።

«ጣፋጭ ነው ወይስ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ?» የሚለው ጥያቄ ከቺዙ ምርጫ ይቀድማል። አፍንጫ እዚህም ያታልላል። ጌቩርትስ ስኳር ባይኖረውም ጣፋጭ ይሸታል። ስለዚህ ጠርሙሱን ያንብቡ። ከ2021 መኸር ጀምሮ የአልሳስ ወይኖች የጣፋጭነት ደረጃቸውን መጻፍ ግዴታቸው ነው። «ሴክ» ደረቅ ነው፤ በሊትር እስከ 4 ግራም ገደማ ስኳር። «ደሚ-ሴክ» እስከ 12 ግራም አካባቢ ይደርሳል። «ሞልው» እስከ 45 ይሄዳል። ከዚያ በላይ «ዱ» ነው። ጠርሙሱ ከዚያ በፊት የተመረተ ከሆነ ወደ አልኮሉ ይመልከቱ። 14 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ አልቋል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። 12 ወይም 12.5 ከሆነ ሳይፈላ የቀረ ስኳር ሊኖር ይችላል። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። «ቫንዳንዥ ታርዲቭ» የሚል ካለበት ሌላ ጉዳይ ነው። ዘግይቶ ከተለቀመ ፍሬ የተሠራና በአብዛኛው በደንብ ጣፋጭ የሆነ ወይን ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ ጠንከር ይላል።

እንግዲህ ፌታው ለምን እንዳስመረረዎት ግልጽ ነው። ፌታ ጨዋማም ኮምጣጣም ነው። አፍዎ አንዴ ኮምጣጣ ነገር ከለመደ፣ ኮምጣጣነቱ ዝቅተኛ የሆነ ወይን ሲከተለው ወይኑ ይሞታል። ፍሬው ይጠፋል፤ አልኮሉና ምሬቱ ብቻ ይቀራሉ። የፍየል ቺዝም፣ በተለይ ገና ትኩስ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። እነዚህ የሚፈልጉት ራሱ ኮምጣጣ የሆነ ነጭ ወይን ነው። ሶቪኞን ብላን ይስጧቸው።

ብሉ ቺዝ ደግሞ ጨውም ምሬትም በአንድ ላይ ነው። ደረቅ ጌቩርትስ ሲጨመርበት ምሬት በምሬት ላይ ይደርባል። መድኃኒቱ ስኳር ነው። ፈረንሳዮች ሮክፎር የሚባለውን ብሉ ቺዝ ሶተርን ከሚባለው ጣፋጭ ወይን ጋር የሚያቀርቡት ለዚህ ነው፤ ኃይለኛ ጨውና ኃይለኛ ጣፋጭ ይታረቃሉ። ስለዚህ ቫንዳንዥ ታርዲቭ ካለዎት ብሉ ቺዝ ይግዙ። ከሌለዎት ይተውት።

የወንድምዎ ሚስት የተናገሩት በጣም የተለመደ አባባል ነው፤ ግማሹ እንኳ እውነት ከሆነ ጥሩ። ቀይ ወይን ታኒን አለው። ቅጠሉ ብዙ የቆየበት ሻይ አፍን እንደሚያደርቀው ያደርቃል። ጠንካራና የቆየ ቺዝ፣ ለምሳሌ የቆየ ቼዳር ወይም ፓርሚጃኖ፣ ይህን ታኒን ይችለዋል። ለስላሳና ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቺዝ ግን ከታኒን ጋር ሲገናኝ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። በቺዝ ሳህን ላይ ያሉትን ሁሉ ካየን ከነጭ ወይን ጋር የሚስማሙት ይበዛሉ። ይህን ለእሳቸው ሲነግሯቸው በዘዴ ይሁን።

ታዲያ ጌቩርትስና ሙንስተር ለምን ይስማማሉ? ብዙ ሰው «የአንድ አገር ልጆች ስለሆኑ» ይላል። ጎረቤትነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ አልሳስ ውስጥ ከሙንስተር ጋር የማይሄድ ወይን ሞልቷል። እኔ የማየው ምክንያት ሌላ ነው። ሁለቱም ሽታቸው ከጣዕማቸው ይበልጣል። አንዱ የሌላውን መዓዛ መሸፈን አይችልም። ወደ አፍ ሲገቡ ደግሞ ሁለቱም ገር ናቸው። የቺዙ ቅባት የወይኑን ምሬትና የአልኮሉን ሙቀት ያለሰልሳል። የወይኑ ጥቂት ስኳር የቺዙን ጨው ያስተካክላል። ቺዙ ኮምጣጣ ስላልሆነ የወይኑ ዝቅተኛ ኮምጣጣነት አይጋለጥም። ለዚህ ሥራ ደሚ-ሴክ ከሴክ ይሻላል ባይ ነኝ። ደረቁም ያስኬዳል፤ ቺዙ ግን ወጣት መሆን አለበት። በጣም የበሰለ፣ መሐሉ እስኪፈስ ድረስ የለሰለሰ፣ አሞኒያ የጀመረው ሙንስተር ምንም ወይን አያድነውም።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሰው ግን ይንቀዋል። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ መዓዛው ይታሰራል፤ ምሬቱ ይወጣል። ከውጭ የከረመ ጠርሙስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ጽጌረዳው ሽቶ ይሆናል። ጌቩርትስ የሚጠጣው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በእናንተ ፋራናይት ከ50 እስከ 54 ገደማ ነው። ከፍሪጅ አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ቺዙን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት ያውጡት። ብርጭቆውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሙሉት። እስከ አፉ መሙላት የኛ ሰው ደግነት ነው፤ ለዚህ ወይን ግን መዓዛው የሚሰበሰብበት ቦታ ያስፈልጋል።

እውነተኛው ሙንስተር ካልተገኘ ታሌጆ ይግዙ። ከሰሜን ጣሊያን ሎምባርዲ የሚመጣ፣ አራት ማዕዘን፣ ቅርፊቱ በጨው ውሃ የሚታጠብ ቺዝ ነው። ደህና የቺዝ ክፍል ባለው ሱፐርማርኬት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ከሙንስተር ይልቅ የዋህ ነው፤ ለጀማሪ እንግዳም ይሻላል። ከቡርጎኝ የሚመጣው ኤፗስ ግሩም ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ሽታውም ለሊፍት አይመችም። ሊምበርገር አሜሪካ ውስጥም ይሠራል፤ በዊስኮንሲን ግዛት ሞንሮ ከተማ የሚሠራው ሊምበርገር እውነተኛ የታጠበ ቅርፊት ያለው ቺዝ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ኃይለኛ ሽታ የማይወድ እንግዳ ካለ ግሩየር ወይም ኮምቴ የሚባል ጠንካራ ቺዝ ጎን ላይ ያስቀምጡ። የለውዝነት ጣዕማቸው ከወይኑ ጋር አይጣላም። ብሪ የሚባለውን ሰው ሁሉ ይገዛዋል። ወጣት ከሆነ አይጎዳም፤ ነጩ ቅርፊት ሲበስል ግን ራሱ ይመርራል፤ ጌቩርትስ ደግሞ ምሬት ሲያገኝ ያጎላዋል።

አሁን አይቡ። ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ ከፈረንጅ መጽሐፍ መልስ የማይገኝለት ነውና። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከቀረው አሬራ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ትንሽ ነው። ጨው የለውም። አልበሰለም። ቅርፊት የለውም። ትንሽ ይኮመጥጣል። ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ለብቻው ከጌቩርትስ ጋር ቢያቀርቡት ወይኑ ይውጠዋል። ሚጥሚጣ ነስንሰው ካቀረቡት ደግሞ ይብሳል። «ጌቩርትስ ለቅመም ምግብ ነው» የሚለው ምክር በየቦታው ይደጋገማል። ለዝንጅብል፣ ለቀረፋ፣ ለኮረሪማ ልክ ነው። ለሚያቃጥል ነገር ግን አልኮል ነዳጅ ነው። 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይንና ሚጥሚጣ አንድ ላይ አፍን ያነዱታል። ስኳሩ ያን ያህል አያበርድም።

አይብ የግድ ይቅረብ ካሉ አንድ መንገድ አለ። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥለው አጓቱ በደንብ ይውጣለት። ከዚያ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ለብ አድርገው ይለውሱት፤ ጨው ጣል ያድርጉበት፤ ሚጥሚጣ የለም። ቅቤው የጎደለውን ቅባት ይሞላል። ጨው ጣዕሙን ያነሣዋል። የሚገርመው ኮሰረቱ ነው። የኮሰረት ቅጠል ዘይት በአብዛኛው ሊናሎል የሚባል ውህድ ነው፤ ሊናሎል ደግሞ ጌቩርትስን ጌቩርትስ ከሚያሸቱት መዓዛዎች መካከል ነው። አንድ ውህድ ስለተጋሩ ብቻ ሁለት ነገሮች ይስማማሉ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በዚህ ስም ብዙ ከንቱ ነገር ተጽፏል። እዚህ ላይ ግን ይስማማሉ። ቅቤው ለጋ ይሁን። የበሰለ፣ ጠንከር ያለ ቅቤ ወይኑን ያበላሸዋል።

ለቅዳሜ የምመክረው ይህን ነው። አንድ ቺዝ በብዛት ይግዙ። እውነተኛ ሙንስተር፣ ካልተገኘ ታሌጆ። አምስት ዓይነት ቺዝ ደርድሮ አንድ ወይን መክፈት ለአራቱ ቺዞች በደል ነው። ድንች ከነልጣጩ ቀቅለው ትኩሱን ያቅርቡ፤ አልሳሶች ከሙንስተር ጋር የሚበሉት እንዲህ ነው። አጠገቡ በትንሽ ሳህን ካራዌይ የሚባለውን ፍሬ ያድርጉ። ካጡት ከሙን ትንሽ ቆላ አድርገው መጠቀም ይችላሉ። ጥቁር አዝሙድ አይተካውም፤ ምሬት ይጨምራል። እንጀራ ለዚህ ገበታ አይሁን። ኮምጣጣነቱ ፌታው ያደረገውን ይደግመዋል። ብዙ ቅመም የሌለው የስንዴ ዳቦ ይበቃል። ወይኑን ከዋናው ምግብ በኋላ፣ ከጣፋጭ በፊት ይክፈቱት። ከዶሮ ወጥ ቀጥሎ ወዲያው ከሆነ ግን በርበሬው አፍ ላይ ስላለ አንድ ሰዓት ያህል ጫወታ ይግባበት። አንድ ጠርሙስ ለስድስት ሰው በትንሽ በትንሹ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሌላ መፈለግ ነው። ሁለተኛ ከገዙ ደሚ-ሴክ የሚለውን ይምረጡ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ከእንግዶቹ ነፍሰ ጡር ካለች ቅርፊቱ የታጠበ ለስላሳ ቺዝ አይቅረብላት። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲህ ባለ እርጥብ ቅርፊት ላይ ይመቸዋል፤ ወተቱ ፓስቸራይዝድ መሆኑም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ግሩየር ይሰጣት፤ ወይኑማ ያው የታወቀ ነው። ኤም ኤ ኦ አይ የሚባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የበሰለ ቺዝ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር መብላት የለበትም፤ በቺዙ ውስጥ ያለው ታይራሚን የደም ግፊትን በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል።

ቺዙን እስከ ቅዳሜ ሲያስቀምጡ በወረቀቱ እንዳለ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያድርጉት። ፕላስቲክ ብቻ ከጠቀለሉት ላብ ያልበውና አሞኒያ ይሸታል። ክፍት ከተዉት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቅቤና እንጀራ ሁሉ ሙንስተር ሙንስተር ይላል። ከወይኑ የተረፈ ካለ ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። የተረፈውን ሙንስተር እሁድ ጠዋት በተቀቀለው ድንች ላይ ቆራርጠው ምድጃ ውስጥ ያቅልጡት፤ መስኮት ከፍተው።